ጠበል የጠጣው መኪና

ባለፈው ሳምንት ኖዝል ላሳጥብ መኪናዬን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጋራዥ አስገባሁ። መኪናዬ የናፍጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ይንዘፈዘፋል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይለቃል። መካኒኩ ልጅ እግር ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። ኖዝል ማለት ናፍጣውን አድቅቆ ሞተሩ ውስጥ የሚረጭ፣ የጣት ውፍረት ያለው ብረት መሆኑን ሊያስረዳኝ ሲጀምር ዝም ብዬ ሰማሁት። አውቃለሁ ብል ከየት አወቁት ማለቱ አይቀርም። ትንሽ ቆይቶ ከማጣሪያው ሥር የቀዳውን ናፍጣ በጠርሙስ ይዞ መጣና ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገው። ጥርት ያለ ውሃ ከታች ተኝቷል፣ ናፍጣው ከላይ ሰፍፏል።

«ውሃ ገብቶበታል፣ እትዬ። ናፍጣ የሚቀዱት ከማን ነው?» አለኝ።

«እንጃ» ብዬው ወጣሁና ከጋራዡ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ፊቴ ይግላል። ልጁ ምንም ያጠፋው ነገር የለም፤ መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቀው። ይህን የመሰለ ጥያቄ ግን በልጅነቴ አንድ ጊዜ ተጠይቄዋለሁ፤ ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ። መልሴ ውሸት ነበር።

አምስተኛ ክፍል የነበርሁበት ዓመት ነው። ወላጆቼ ሮብ ገበያ ከምትባል ትንሽ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነበሩ፣ እኔ ለትምህርት ከእናቴ አባት ጋር ከተማው ውስጥ እኖር ነበር። ሰው ሁሉ ጋሽ ይሁኔ ይላቸዋል፣ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። አያቴ፣ የአባባ ባለቤት፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ በየሮቡ ለገበያ ስትመጣ ስንቅ ታመጣልን ነበር።

አባባ ዕድሜያቸውን ደብረ ማርቆስ፣ ጋራዥ ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው። ሲያረጁ ወደ አገራቸው ተመለሱና ከግቢያችን በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ኖዝል ማጠብ ጀመሩ። ማሽን የላቸውም። ያላቸው በእጅ የሚጫኑት አንድ መሞከሪያ ፖምፓ፣ የናስ ብሩሽ፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ፣ ባዶ የቲማቲም ጣሳዎችና እኔ ነን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ ጣሳዎቹን እደረድራለሁ።

ኖዝል ሲፈታ ውስጡ ቀጭን መርፌ አለው። መርፌው ከራሱ ቤት ጋር አብሮ የተሞረደ ስለሆነ ከሌላው ቤት አይገጥምም። ስለዚህ እያንዳንዱ መርፌ ከነቤቱ በየራሱ ጣሳ ውስጥ ናፍጣ ይዘፈዘፋል። «ተጠንቀቂ፣ እነዚህ በቁርባን የተጋቡ ናቸው» ይሉኝ ነበር አባባ። እኔ ነገሩን የምር ነው የያዝሁት። አንዱ መርፌ ተሰብሮ ሲጣል የቀረውን ቤት እያየሁ፣ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ እንደሚመነኩሰው ይመነኩስ ይሆን እያልሁ አዝንለት ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ዐይነቱን ቤት ለብቻው መስኮት ላይ አስቀምጬው አባባ ሲያገኙት «ይኸ ምን ይሠራል እዚህ?» አሉኝ። «ገዳም ገብቷል» አልኋቸው። ያን ቀን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

መርፌው ከጸዳ በኋላ ይፈተናል። አባባ ወደ ላይ ጥቂት ይስቡትና ይለቁታል፤ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ከወረደ ንጹሕ ነው፣ ከተንገታገተ ገና ነው። ሲወርድ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ኖዝሉ ተገጥሞ በእጅ ፖምፓው ላይ ይታሰራል። አባባ እጀታውን ሲጫኑት ናፍጣው ከፊት በተያዘው ካርቶን ላይ ይረጫል። የጮቄ ተራራን ጭጋግ የመሰለ ከሆነ መኪናው ድኗል፤ ካንጠባጠበ ታሟል። እኔ ከኋላቸው እንጂ ከፊት እንድቆም አይፈቅዱልኝም። ግፊቱ ቆዳ ይበሳል፤ ናፍጣው ደም ውስጥ ከገባ ጣት ያስቆርጣል። የእሳቸው ሌባ ጣት ጫፏ የለም። አባባ በየትኛውም ልብስ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸቱት ያን ጊዜ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ስለቀረ ይመስለኝ ነበር።

እኔም እሸታለሁ። ክፍል ውስጥ «ናፍጢት» ነበር ስሜ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ስትጽፍ እጄን ጠረጴዛው ሥር እደብቃለሁ። አባባን ወላጅ አምጡ ስንባል ሳልነግራቸው የቀረሁበት ቀን አለ፤ ያም ያሳፍረኛል፣ ግን ከሚቀጥለው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ለእጄ ሽታ መላ ያበጁልኝ እትዬ የሺ ናቸው። ሮብ ገበያ ማደያ አልነበራትም። ናፍጣ ከማርቆስ በበርሜል አስመጥተው በጄሪካን የሚሸጡት እሳቸው ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። ግቢያቸው ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት ነው። ናፍጣ ሲቀዱ እንዲያጣራላቸው የማንቆርቆሪያውን አፍ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ሸፍነው ነው፤ አባባ ኖዝል የሚያጥቡበትን ናፍጣ ከሌላ ሰው አይገዙም ነበር። አንድ ቀን ጄሪካን ይዤ ስሄድ እጄን ከኋላዬ እንደደበቅሁ አዩኝ።

«ምን ደበቅሽ? አምጭ እስቲ» ብለው መዳፌን ገለበጡት። ሳሙና ላይ አንድ ቁንጣሪ ስኳር ነሰነሱና ቆዳዬ እስኪቀላ አሹልኝ። «እንዲህ አድርጊ። ውሃ ብቻውን ናፍጣን አያውቀውም፣ ሁለቱ አይዋደዱም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በእሳቸው በኩል አልፋለሁ፤ ስኳሩ በሲኒ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ የአላምረው መኪና ታመመ። አላምረው ሾፌር ነው። በአሮጌ የጭነት መኪናው ድንች ጭኖ፣ ድንቹ ላይ ሰው ጭኖ ማርቆስ ይመላለሳል። መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ መጣ፣ አባባ ኖዝሎቹን አጠቡለት። በሳምንቱ ተመለሰ። እንደገና አጠቡ። ጥር ሲገባ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ።

«ጋሽ ይሁኔ፣ አይከፋዎት» አለ አላምረው ባርኔጣውን አውልቆ። «አሁንም ከመለሰኝ ማርቆስ ነው የምወስደው። እዚያ ማሽን አለ፤ ማሽን ዐይኑ አይደክምም።»

አባባ «ደግ» ብቻ ነው ያሉት። እኔ ግን ዐይናቸው መድከሙን ከአላምረው በፊት አውቄ ነበር። የኖዝሉን ጥቃቅን ቀዳዳ በሽቦ ሲጠርጉ አንዱን ይዘሉታል፣ እኔ ሲዞሩ ጠብቄ እጠርገዋለሁ። አላምረው ከሄደ ሌሎቹ ሾፌሮች እንደሚከተሉት፣ ሾፌሮቹ ከሄዱ ክፍሏ እንደምትዘጋ፣ ክፍሏ ከተዘጋች ደግሞ እኔ ትምህርቴን ትቼ ቀበሌያችን እንደምመለስ በልጅ ሒሳቤ አሰላሁት። ያን ሰሞን ሌት ተቀን የማስበው ስለ መኪናው ነበር።

ጥምቀት ሆነ። ውሃው ተባርኮ ካህናቱ ሲረጩ ሕዝቡ እኔንም እኔንም እያለ ይገፋፋል። አብዛኛው ሰው በዕቃ ቀድቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ከብቱን ይረጫል፣ ጎተራውን ይረጫል። አላምረውም መኪናውን ከእኛ ደጅ አቁሞ ጎማውንና አፍንጫውን ሲረጭ አየሁት። እኔም በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ነበርና እያየሁት ሳቅሁበት። አባባ፣ መኪናቸውን አሳጥበው አብለጭልጨው የሚመጡ ሾፌሮችን «ደጁን ማጠብ ምን ይረባል፣ በሽታው ሆዱ ውስጥ ነው» እያሉ ሲተርቡ መስማት ልማዴ ነው። የሆድ በሽታ ደግሞ ጠበል የሚጠጣበት እንጂ የሚረጭበት አይደለም። እናቴ ሆዷን ሲያማት ስትጠጣ ነው የማውቀው።

በማግስቱ የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኝ ወጣ። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ደጃችን የቆመው የአላምረው መኪና የናፍጣ ማጠራቀሚያ ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፣ በላስቲክና በጨርቅ ነው የተወተፈው። ውታፉን ነቀልሁና በስመ አብ ብዬ ጠርሙሱን አጋባሁበት። ሲንጎደጎድ ይሰማል። አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትቀር ጠርሙሱን አራገፍሁት። ውታፉን መለስሁና ጆሮዬን ብረቱ ላይ አድርጌ ሲውጥ አዳመጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠቃሚ ሰው የሆንሁ መስሎኝ አያውቅም።

መኪናው በነጋታው ድንቹንና ሰዉን ጭኖ ሄደ። ከሮብ ገበያ ሳይርቅ ዳገት ላይ ተንገጫገጨና ቆመ። ተሳፋሪው በብርድ በእግሩ ተመለሰ፣ አላምረው መኪናው ሥር ሦስት ቀን ከረመ። በሦስተኛው ቀን ሌላ መኪና ጎትቶ አመጣው።

አባባ ከማጣሪያው ሥር ያለውን በሻይ ብርጭቆ ቀዱት። ናፍጣው ከላይ፣ ውሃው ከታች ሆነ። የእኔ ጠበል በብርጭቆው ውስጥ ፊት ለፊቴ ቆመ። ኖዝሎቹ ሲፈቱ መርፌዎቹ ቡናማ ዝገት ይዘው ቤታቸው ውስጥ ተጣብቀዋል፤ አንዱም በራሱ አልወርድ አለ።

«ውሃ ሸጣልኛለች» አለ አላምረው። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ነበር። «ሌላ ማን አለ? የቀዳሁት ከየሺ ነው።» እስከዚያ ቀን እትዬ የሺ ይላቸው የነበረ ሰው ነው።

አባባ ብርጭቆውን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። «ይኸ ንጹሕ ውሃ ነው። የበርሜል ውሃ እንዲህ አይጠራም» አሉ ለራሳቸው። ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጡና ወገባቸውን ቀና አደረጉ። «የሆነ ሆኖ፣ እጄ አይደለም የበደለው» አሉ ጮክ ብለው። ወር ሙሉ ያልነበረ ነገር ፊታቸው ላይ አየሁ። ደስታ ነው። እኔ አፌን ልከፍት ስል ያን አይቼ ዘጋሁት።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ጠበል ክፉ ሊሠራ አይችልም፤ ከሠራ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በሚካኤል ቀን ሆዴን አመመኝ ብዬ ስለዋሸሁ ተቀጣሁ ብዬ አመንሁ። ብናገር ደግሞ ጠበል መኪና ገደለ ያለችው ልጅ እባላለሁ። ይህን ሁሉ የማስበው በልጅ አእምሮ ነው ልበል? ልጅ መሆኔ እውነት ነው፤ እውነቱን ማወቄም እውነት ነው።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አላምረውና አባባ እትዬ የሺ ግቢ ሄዱ። እኔ የአባባን ኩታ ይዤ ተከተልሁ። በርሜሉ ተከፈተ፣ ዘንግ ገብቶ ሲወጣ ጫፉ ላይ ጥቂት ውሃ ተገኘ።

«በርሜል ሲያድር ያልበዋል፤ ጥቂት ውሃ አይታጣበትም» አሉ አባባ። ያሉት ግን መሬት መሬት እያዩ ነው፤ አልደገሙትም።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ «የሺ፣ ነገሩን አታስረዝሚው። ሚካኤልን ጠርተሽ ማይልን፣ እኛም እንመን» አሏቸው።

«ለናፍጣ ብዬ ታቦት አልጠራም» አሉ እትዬ የሺ። «በርሜሉ ይኸው፣ ጨርቁ ይኸው። ያመነ ይመን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የማይምል ሰው በደለኛ ነው የሚሉ አሉ፤ የማይምል ሰው እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው የሚሉም አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆሞ ሊቀር ነበር። ከዚያ አንደኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ይችን ልጅ ጠይቋት እንጅ፣ ከመኪናው አጠገብ የማትጠፋው እሷ ናት።»

አባባ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «አንች ልጅ፣ ናፍጣው ሲቀዳ ያየሽው ነገር አለ?»

የለም ብል ይበቃ ነበር። ያን ያህል ቀላል ነበር። እኔ ግን ዐይናቸው ውስጥ ያን የትናንቱን ደስታ ፈለግሁ፤ የሌለ መሰለኝ፣ ሊጠፋ ነው ብዬ ፈራሁ።

«አይቻለሁ» አልሁ። «እትዬ የሺ ጄሪካኑን በውሃ ሲያለቃልቁት አይቻለሁ። ሳይደርቅ ናፍጣ ቀዱበት።» ከዚያም ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርሁ፤ «ጨርቁንም አላደረጉበትም።»

እትዬ የሺ ወደ እኔ መጡ። «እኔን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እርስዎን።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። የበርሜሉን ክዳን ከመሬት አነሡና አቧራውን በቀሚሳቸው ጠርገው ገጠሙት። ከዚያ ጨርቁን አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናፍጣ የሚገዛቸው ጠፋ። ሾፌሮቹ ከማርቆስ በየጄሪካናቸው ይዘው ይመጡ ጀመር። ማንም አልሰደባቸውም፤ ሰላምታ እንኳ አልነሷቸውም፣ ግን ማንም ደጃቸው አይቆምም። የአባባ ክፍል ግን ሞላች። ማሽን ያለበት እንሄዳለን ያሉት ሁሉ ተመለሱ፤ «ጋሽ ይሁኔን በሐሰት አማናቸው» እያሉ ይስቃሉ። አባባ ለአላምረው አዳዲስ መርፌዎች ከነቤታቸው አስመጡለት፣ ቀዳዳዎቹን እኔ ከኋላ እየጠረግሁ ተገጠሙ። በእጅ ፖምፓው ሲሞከሩ አራቱም ጭጋግ ሆኑ።

እኔ ወደ ትምህርት ቤት በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርሁ። ሩቅ ነው፣ ጭቃ አለው። አንድ ቀን ረስቼ በድሮው መንገድ ሳልፍ በሩ ክፍት ነበርና ሲኒው መደብ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ስኳር አለበት። ሮጥሁ። እጄ እየሸተተ ነው ያን ዓመት የጨረስሁት።

አባባን ለመንገር ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ አላውቅም። አንዳንዴ ከጣሳዎቹ ቀና ብለው ያዩኛል፣ የሚጠብቁኝ ይመስለኛል። አንድም ቀን ግን አልጠየቁኝም። ያ ንጹሕ ውሃ ያሉት ነገር በአእምሯቸው ይዞር እንደነበረ ወይም እንደተዉት ሳላውቅ ሞቱ። ዛሬ በደንብ ሳስበው፣ ሁለታችንም እንዳንናገር የተስማማን ይመስለኛል።

የዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው እትዬ የሺ ሮብ ገበያን ለቀው ሄዱ። ደጀን ላይ እህታቸው ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ትሸጣለች፣ ከእሷ ጋር ሊሠሩ ነው ተባለ። በደጀን ሳልፍ ዛሬም ምሳ አልበላም፤ አብረውኝ የሚሄዱ ሰዎች ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ሆዴን አሞኛል እላቸዋለሁ።

የሄዱበትን ጠዋት አልረሳውም። ያን ዕለት ወደ ማርቆስ የሚወርድ መኪና የአላምረው ብቻ ነበር። አላምረው ዕቃቸውን ራሱ ጫነላቸው፤ አልጋቸውን፣ ሁለት ድስት፣ ባዶውን በርሜል። ፊት እንዲቀመጡ ቦታ ለቀቀላቸው። አባባ መኪናው በአዲሶቹ ኖዝሎች በብርድ እንዴት እንደሚነሣ ለማየት ከክፍሏ ወጥተው ቆመዋል። እኔ የአባባን መፍቻ ይዤ ከጀርባቸው ነኝ።

እትዬ የሺ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ። «ነይ እስቲ አንች» አሉኝ።

ሄድሁ። እጄን ያዙኝና መዳፌን ገለበጡት። ጥቁረቱን አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይዞሽ። ተቀይማኛለች ብለሽ በሌላ መንገድ እንደምትሄጅ አውቃለሁ። አልተቀየምሁሽም። አንች ያየሽውን ነው የተናገርሽው። እኔ ነኝ የረሳሁት። ሳስበው፣ ሳስበው ሰነበትሁ፤ አለቃልቄው ይሆናል። በበዓል ውክቢያ ጨርቁንም ትቸው ይሆናል። አርጅቻለሁ መሰለኝ። እንግዲህ የሰው ንብረት አበላሽቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አንች መቸም አትዋሺም።»

አፌን ከፈትሁ። ያን ቀን «ያመነ ይመን» ያሉት፣ በገዛ እጃቸው እምነት የነበራቸው ሴት ፊት ለፊቴ የሉም። በውሸቴ ያጠፋሁት ናፍጣቸውን ብቻ መስሎኝ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው፤ ምላሴ ላይ ነበረች። ከኋላዬ የአባባ ትንፋሽ ይሰማኛል።

አላምረው ቁልፉን አዞረ። መኪናው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጭስ የለውም፣ መንዘፍዘፍ የለውም። አባባ «ሰማሽ?» አሉኝ እየሳቁ። ዞሬ አየኋቸውና፣ እትዬ የሺ እጄን ገና እንደያዙኝ፣ ደስ አለኝ።